ኬዮስ ኢንጂነሪንግና ኤአይ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ያለበት ሲስተም ለሚሰሩ፣ ለሚያስተዳድሩና ለመጀመር ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ኬዮስ ኢንጂነሪንግ ምንድን ነው?

ሲስተማችን ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ለማወቅ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ራሳችን መርጠን፣ በትንሹ ማበላሸት ነው። አንድ ሰርቨር እናጠፋለን። ኔትወርኩን እናዘገያለን። ዲስኩን እንሞላለን። ከዚያ ሲስተሙ ተቋቋመው ወይስ ወደቀ የሚለውን እንለካለን። ቀዳዳ ካገኘን እንደፍነዋለን፣ ከዚያም ደግመን እንሞክራለን።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ጠንቃቃ ሹፌር ሐረጎ ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ያየዋል። ሜዳው ላይ እምቢ ቢለው ዳር ይዞ መካኒክ ይጠራል። ቁልቁለቱ መሃል እምቢ ካለው ግን ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለውም። ብልሽት መምጣቱ አይቀርም። የምንመርጠው የት እንደሚያገኘን ብቻ ነው።

ሀሳቡ ከየት መጣ?

በስፋት የታወቀው በኔትፍሊክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኩባንያው ዳታቤዝ ተበላሽቶ ለ3 ቀን ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ አቅቶት ነበር። ከዚያ ወደ አማዞን ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚከራዩ ሰርቨሮች፣ መሸጋገር ጀመረ። ክላውድ ላይ ደግሞ አንድ ሰርቨር በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። መሐንዲሶቹ ይህን ታሳቢ አድርገው እንዲሰሩ «ኬዮስ መንኪ» የሚባል ፕሮግራም ተሰራ። ስራው በዘፈቀደ ሰርቨር እየመረጠ ማጥፋት ነው። ኮዱን በ2012 ለሁሉም ክፍት አደረጉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኬዮስ መንኪ የሚሮጠው በስራ ሰዓት ነው። ባለሙያው ቢሮው ተቀምጦ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ አእምሮው ንቁ ሆኖ እያለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በስልክ ጥሪ ከሚቀሰቀስ ይልቅ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ብልሽቱን ቢያየው ይሻላል ከሚል ሀሳብ ነው።

ከተለመደው ቴስት በምን ይለያል?

ቴስት የምናውቀውን ያረጋግጣል። ይህን ብሰጠው ያንን ይመልሳል፣ አለቀ። ኬዮስ ሙከራ ግን ያላሰብነውን ነው የሚፈልገው። በተለይ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ጤነኛ ሆኖ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚመጣውን ችግር።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራስበሪ ፓይ እንበል፣ ካሜራ ተገጥሞለት ምስል ወደ ኤአይ ሞዴል ይልካል። መብራት ሄዶ መጣ። ፓይው ቶሎ ተነሳ፤ ራውተሩ ግን ገና ነው። አብዛኞቹ ፓይዎች መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። ስለዚህ ኢንተርኔት አግኝቶ ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ ትናንት ላይ ነው ያለው። ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር ደግሞ የሰርቨሩን የደህንነት ሰርተፍኬት አልቀበልም ሊል ይችላል። ኮዱ ደህና ነው። ሞዴሉ ደህና ነው። ራውተሩም ደህና ነው። ሲስተሙ ግን አይሰራም። ይህንን የትኛውም የኮድ ቴስት አይነግራችሁም። ሁሉንም ከሶኬት ነቅሎ መልሶ መሰካት ግን እዚያው ይነግራችኋል።

ኤአይ ምን የተለየ ነገር አለው? የሰርቨር ብልሽት ያው የሰርቨር ብልሽት አይደለም?

ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ተራ ሲስተም ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ያስታውቃል። ቢሮ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ትባላላችሁ። ያናድዳል። ቢሆንም እውነቱ ተነግሯችኋል፤ ነገ ትመለሳላችሁ። ኤአይ ግን «ሲስተም የለም» አይልም። ግማሽ አካሉ ጠፍቶም ይመልሳል። በተስተካከለ ሰዋስው፣ ምንም ሳይጠራጠር።

አንድ የቴሌግራም ቦት አስቡ። ሰዎች ስለ አንድ መስሪያ ቤት አገልግሎት ይጠይቁታል። ቦቱ መጀመሪያ የመስሪያ ቤቱን ሰነዶች ይፈልጋል፣ ያገኘውን ለቋንቋ ሞዴሉ ይሰጣል፣ ሞዴሉ መልስ ይጽፋል። ሰነዶቹ ያሉበት ዳታቤዝ ወደቀ እንበል። ኮዱ ስህተቱን ዋጥ አድርጎ ባዶ ዝርዝር አሳለፈ። ሞዴሉ ሰነድ ባይደርሰውም ጥያቄው ደርሶታል። ስለዚህ ከራሱ እውቀት፣ ሲብስም ከራሱ ፈጠራ ይመልሳል። መቆጣጠሪያ ሰሌዳችሁ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ይባስ ብሎ መልሱ ከወትሮው ፈጠን ብሎ ነው የሚመጣው፤ ፍለጋው ተዘልሏላ! ስለ ሲስተሙ ጤንነት በፍጥነትና በስህተት ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ያን ቀን «ዛሬማ ጥሩ ዋልን» ይላል። መረጃ ፈልጎ የመጣው ሰው ደግሞ የሌለ ፎርም ለማስሞላት ከሮቢት ሸዋ በር ይመላለሳል።

ለዚህ ነው ኤአይ ላይ «ተነስቷል ወይ?» የሚለው መለኪያ የማይበቃው። «ትክክል እየመለሰ ነው ወይ?» መባል አለበት። መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎች አዘጋጁ። ሃምሳም ቢሆኑ ይበቃሉ። ሙከራው እየተካሄደ ሳለ እነሱን እየላካችሁ መልሱን መዝኑ። ይህ ከሌለ ብልሽት ማስገባት ትርጉም የለውም፤ የገባው ብልሽት ምን እንዳደረገ አይታያችሁምና።

እዚህ መብራቱም ኔትወርኩም በራሱ ይሄዳል። ሌላ ብልሽት ምን አስጨመረን?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ደስ ይለኛል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ለሰነበተ ከተማ ስለ መቋረጥ ማስተማር አይቻልም። ግን መቋረጡን መቻል የለመድነው እኛ ሰዎቹ ነን። ሲስተማችን መልመዱን በምን አወቅን?

በራሱ የመጣ ብልሽት ጥሩ አስተማሪ አይደለም። አንደኛ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው፤ የትኛው የትኛውን እንደጣለ አይለይም። ሁለተኛ፣ ሁሉም ሰው ስራ ለማስቀጠል ስለሚሯሯጥ የሚመዘግብ የለም። ሦስተኛ፣ ደግሞ ይሄ ነው ዋናው፣ መብራት ሲሄድ ሙሉ በሙሉ ነው የሚሄደው። ሙሉ መጥፋት ለሲስተም ቀላል ነው፤ ይቆማል፣ ሲመጣ ይነሳል። ሲስተም የሚገድለው ግማሽ ብልሽት ነው። ኔትወርኩ አለ ግን ይጎተታል። ከአስር መልእክት ሁለቱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ዲስኩ ይሰራል ግን ሊሞላ ነው። እንዲህ ያለውን ሆን ብላችሁ ካልፈጠራችሁት በቀር ነጥላችሁ አታዩትም።

ያም ሆኖ የመጣውን አታባክኑት። ለጥገና ተብሎ የመብራት መቋረጥ አስቀድሞ ሲነገር ያን ቀን የሙከራ ቀን አድርጉት። መጀመሪያ የሚወድቀው ምንድን ነው ብላችሁ ከዋዜማው ጻፉ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሳይነሳ የቀረው የትኛው እንደሆነ መዝግቡ። ከግምታችሁ ጋር አስተያዩት። ወጪው አንድ ደብተር ነው።

እኛ ሦስት ሰው ነን፤ ሰርቨራችንም አንድ ነው። ይሄ ለትልልቆቹ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ትልልቆቹ ተተኪ ሰርቨር አላቸው፤ እናንተ ስለሌላችሁ የበለጠ ያስፈልጋችኋል። ሙከራችሁ ግን የነሱን መምሰል የለበትም። ትንሽ ቡድን ውስጥ ቀድሞ የሚሰበረው ሰርቨሩ ሳይሆን እውቀቱ ነው። ፓስወርዱን የሚያውቀው፣ ሞዴሉን እንደገና የሚያስነሳው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱ ለቅሶ ወደ ገጠር ሄዶ ስልኩ ዝግ ነው እንበል። ሌሎቻችሁ ሲስተሙን አጥፍታችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ? አንድ ከሰዓት በኋላ እሱን ቁጭ አድርጋችሁ፣ አፉን ሳይከፍት፣ ሞክሩት። ብዙ ትማራላችሁ።

አለቃዬ «የሚሰራውን ነገር ለምን ታበላሻለህ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ስሙን ሳይሆን ጥያቄውን ይዛችሁ ሂዱ። «ዛሬ ከሰዓት ይህ ሰርቨር ቢቃጠል ለስንት ሰዓት እንቆማለን?» በሉት። መልሱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አይኖርም። ከዚያ ማንም የማይቃወመውን ሙከራ አስቀድሙ። ባክአፕ የተደረገውን ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ማስነሳት ነው። የሚሰራውን ነገር አይነካም። ባክአፑ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቀጣዩን ሙከራ አለቃችሁ ራሱ ነው የሚያዘው።

የመጀመሪያውን ሙከራ እንዴት እናድርግ?

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የጨርቅ እንከን የሚለይ ካሜራ ተከለ እንበል። ካሜራው ምስል ይልካል፣ ሞዴሉ «እንከን አለው» ወይም «ደህና ነው» ይላል፣ ጥቅሉ በዚያ መሰረት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። መጀመሪያ ጤነኛ ቀን ምን እንደሚመስል በቁጥር እወቁ። በሰዓት ስንት ምስል ይመረመራል? ከመቶ ስንቱ እንከን አለው ይባላል? ይህ ቁጥር ከሌለ የታመመውን ከጤነኛው አትለዩም።

ቀጥሎ ግምታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ከካሜራው ወደ ሰርቨሩ ያለው ኔትወርክ በ2 ሰከንድ ቢዘገይ መስመሩ ይዘገያል እንጂ ያልተመረመረ ጨርቅ አያልፍም።» ይህ ሊሸነፍ የሚችል ግምት ነው፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የጉዳቱን ክልል አጥብቡ። አንድ መስመር ብቻ፣ አንድ ፈረቃ ብቻ፣ በእጅ ድጋሚ ሊፈተሽ የሚችል ጨርቅ ብቻ። ማቆሚያውንም ወስኑ፦ ምን ስናይ እናቆማለን? የማቆሚያውን ቁልፍ የሚይዘውስ ማነው? የፈረቃ ኃላፊው ሳያውቅ እንዳትጀምሩ። ድብቅ ሙከራ እምነት ያሳጣል፤ እምነት ከጠፋ ሁለተኛ ሙከራ የለም።

እንዲህ ያለ ሙከራ ላይ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ቀዳዳ አለ። ኮዱ ውስጥ መልስ በጊዜው ካልመጣ ምን ይሁን የሚለውን አንድ ሰው ቸኩሎ «ደህና ነው» ብሎ ሞልቶታል። ኔትወርኩ በተጎተተ ቁጥር ያልታየው ጨርቅ ሁሉ ጤነኛ ተብሎ ያልፋል። መስመሩ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን የሚያውቀው ገዢው ነው፤ እቃው መርከብ ተሳፍሮ ከደረሰ በኋላ። መፍትሄው አንድ መስመር ኮድ ነው። ችግሩ መኖሩን ማወቁ ነበር ከባዱ።

ምን መሳሪያ ያስፈልጋል?

ለመጀመር ምንም አትግዙ። ሊነክስ ላይ ያለው ቲሲ የሚባለው ትዕዛዝ ኔትወርክ ያዘገያል፣ መልእክትም ይጥላል። ስትረስ-ኤንጂ ፕሮሰሰርና ሚሞሪ ያጨናንቃል። ሾፒፋይ ለህዝብ የለቀቀው ቶክሲፕሮክሲ በሁለት ፕሮግራሞች መሃል ቆሞ ግንኙነቱን እንደፈለጋችሁ ያበላሽላችኋል፤ ለትንሽ ቡድን እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያሰማራና የሚያስተዳድር ሲስተም) ላይ ከሆናችሁ ኬዮስ ሜሽና ሊትመስ አሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሶኬት መንቀልም መሳሪያ ነው። ዲስክ ሊያበላሽ ስለሚችል ግን ባክአፕ ሳይኖር አይነቀልም።

የሞዴሉን መልስ ራሱን እንዴት ነው የምንፈትነው?

በሚገባው ነገር ላይ ብልሽት እናስገባለን። ለቦቱ ከሰነዶቹ ግማሹን እንደብቃለን። ዘንድሮ የተሻረ መመሪያ መልሰን እንከታለን። ጽሑፉን መሃል ላይ እንቆርጠዋለን። ለካሜራው ሌንሱን በአቧራ ወይም በእንፋሎት እናደበዝዛለን፤ የደሴን የክረምት ጉም የሚያውቅ ሰው ይህ ፈጠራ እንዳልሆነ ያውቃል። የምንጠብቀው ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ አይደለም። «መረጃ የለኝም»፣ «ምስሉ አይታየኝም» ማለት ከቻለ አልፏል።

አማርኛ የሚያስተናግድ ሲስተም ደግሞ የራሱ ደካማ ቦታዎች አሉት። የውጭ የፈተና ዝርዝሮች ላይ ስለማታገኟቸው እናንተ ናችሁ የምትጨምሯቸው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የተባለውን ቀጠሮ ሌሊት አድርጎ ይይዘዋል ወይ? ዓመተ ምሕረቱን ወደ አውሮፓ ሲቀይር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መጨመር እንዳለበት ያውቃል? ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት ላይ ምን ያደርጋል? ሰው ሐይቅን ሀይቅ፣ ሃይቅ፣ ኃይቅ ብሎ ይጽፋል። ፍለጋው አራቱንም አንድ ከተማ አድርጎ ካላገኘ ተጠቃሚው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሞዴሉም ክፍተቱን በፈጠራ ይሞላዋል። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ብዙዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች የአማርኛን ጽሑፍ የሚቆራርጡት ከእንግሊዝኛው በበለጠ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ የሚያነብበት ትንሽ የጽሑፍ ቁራጭ) ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ምቹ የነበረ የርዝመት ገደብ በአማርኛ ቶሎ ይሞላል። መልሱ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ወይም መጀመሪያ ላይ የሰጣችሁት መመሪያ ተገፍቶ ይወጣል። ረጅም የአማርኛ ውይይት አዘጋጁና ገደቡ ጋ እስኪደርስ ግፉት። የትኛው ላይ እንደሚሰበር እዩ።

ሞዴሉ የእኛ አይደለም፤ በኤፒአይ (በኢንተርኔት ጥያቄ ልከን መልስ በመቀበል) ነው የምንጠቀመው። የሰውን ሰርቨር እንዴት እንሰብራለን?

የሰውን አትነኩም። ከእናንተ ወደ እሱ ያለውን መንገድ ነው የምትሰብሩት። ጥያቄው ከመውጣቱ በፊት መሃል ላይ ጣልቃ ግቡና አዘግዩት፣ የ«ተጨናንቋል» ምላሽ መልሱለት፣ መልሱን ግማሽ ላይ ቁረጡት።

ትልቅ ኩባንያ አይወድቅም ብላችሁ አታስቡ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2024 ቻትጂፒቲና የኦፕንኤአይ ኤፒአይ ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። ምክንያቱ ሲስተሙን ለመከታተል ተብሎ የተጨመረ አዲስ አገልግሎት ነው። የኩበርኔቲስ መቆጣጠሪያውን በጥያቄ ብዛት አጨናነቀው። በሙከራ ቦታ ላይ ተፈትሾ ችግር አላሳየም ነበር፤ ጭነቱ የገነነው ትልልቆቹ ክላስተሮች (የሰርቨር ስብስቦች) ላይ ነው። የዲኤንኤስ (የሰርቨርን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ትውስታም ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ደብቆት ስርጭቱ ቀጠለ። መሐንዲሶቹ ሊጠግኑት ሲሉ መግቢያው ራሱ ያ የተጨናነቀው መቆጣጠሪያ ሆነባቸው። ኋላ ባወጡት ሪፖርት ሆን ብሎ ብልሽት እያስገቡ መሞከርን ከመፍትሄዎቻቸው አንዱ አድርገው አስቀመጡት።

ዋናው ሲወድቅ የሚተካ ሌላ ሞዴል ካዘጋጃችሁ እሰየው። ግን ተጠባባቂው ራሱ ተፈትኗል ወይ? መመሪያችሁ የተጻፈው ለዋናው ነው። ትንሹ ሞዴል አማርኛው ሊሰባበር፣ የጠየቃችሁትን ቅርጽ ላይጠብቅ ይችላል። እነዚያን መልሳቸው የታወቀ ጥያቄዎች በየጊዜው በተጠባባቂው ላይም አስሩጡ።

ሲወድቅ ደጋግሞ እንዲሞክር አድርገናል። ይበቃል አይደል?

ብቻውን ከሆነ ያባብሳል። መብራት ሲመጣ የሚሆነውን አስቡት። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለው መሳሪያ ሁሉ አንድ ሰከንድ ላይ ይነሳል፤ ሁሉም ያልተላከለትን ይልካል። ሰርቨሩ ይጨናነቃል፣ መልስ ይዘገያል፣ ሁሉም እንደገና ይሞክራል። ጭነቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። የኤአይ ሞዴል ደግሞ ለአንድ ጥያቄ ብዙ ስሌት ስለሚፈጅ ከተራ ዌብሳይት ቀድሞ ይንበረከካል። በኤፒአይ ከሆነም ሂሳቡ ይቆጥራል።

በየሙከራው መሃል ያለው ጊዜ እያደገ ይሂድ፤ 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4፣ 8። ሁሉም እኩል እንዳይመጡ በዘፈቀደ ትንሽ ይለያይ። ከተወሰነ ውድቀት በኋላ ለጊዜው ጭራሽ መጠየቅ ይቁም። ከዚያ ሰርቨሩን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍታችሁ መልሱት። መውደቁን ሳይሆን መመለሱን ተመልከቱ፤ ጭነቱ ወደ ጤነኛው ቁጥር ለመውረድ ምን ያህል ፈጀበት?

ሞዴል ስናሰለጥንስ ይሰራል?

በደንብ። ሜታ ትልቁን ላማ 3 በ16,384 ጂፒዩዎች (የኤአይን ስሌት የሚሰሩ ፕሮሰሰሮች) ሲያሰለጥን በ54 ቀን ውስጥ 419 ያልታሰቡ መቋረጦች አጋጥመውታል። በአማካይ በየ3 ሰዓቱ አንድ ማለት ነው። ከግማሽ በላዩ የመጣው ከጂፒዩዎቹና ከሚሞሪያቸው ነው። እንዲያም ሆኖ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ጊዜ ለስልጠና ውሏል፤ ሰው በብዛት ጣልቃ መግባት ያስፈለገውም 3 ጊዜ ብቻ ነበር። ይህ የሆነው መቋረጥን እንደ መደበኛ ነገር ቆጥረው ስላዘጋጁት ነው።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ አንድ ጂፒዩ ይዞ የመመረቂያ ስራውን የሚሰራ ተማሪም ያው ነው፤ ለእሱ የሚያቋርጠው መብራቱ ነው። ቼክፖይንት፣ ማለትም ስልጠናው የደረሰበትን የሚይዝ ፋይል፣ አስቀምጣለሁ ይላል። ጥሩ። መብራቱ ፋይሉ በሚጻፍበት ቅጽበት ቢሄድስ? አሮጌው ተሰርዟል፣ አዲሱ ግማሽ ነው። መጀመሪያ በሌላ ስም ጽፎ፣ ሙሉ መሆኑ ሲረጋገጥ ስሙን መቀየር ነው መድኃኒቱ። ይህንን ለመሞከር ስልጠናውን ፋይል ሲጽፍ ጠብቆ በድንገት መግደል ነው። ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል? የስህተቱ መጠን ካቆመበት ቁጥር ይነሳል ወይስ ዘሎ ይጀምራል? ዘሎ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ የኦፕቲማይዘሩ (ሞዴሉ በየደረጃው እንዴት እንደሚስተካከል የሚወስነው ክፍል) ሁኔታ አልተቀመጠም ማለት ነው።

ኤአይው ራሱ ስራ የሚፈጽም ኤጀንት ከሆነስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ኤጀንቱ እቃ ያዛል፣ ክፍያ ይልካል፣ ቀጠሮ ይይዛል እንበል። ክፍያውን ላከ። ገንዘቡ ደረሰ። «ተሳክቷል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ኤጀንቱ አልተሳካም ብሎ ያስባል፤ ደግሞ ይልካል። ተራ ፕሮግራም ቢሆን የተጻፈለትን ብቻ ያደርጋል፤ ኤጀንት ግን መላ ይፈጥራል። በሌላ መንገድ ልሞክር፣ መጠኑን ከፍዬ ልላክ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ለኤጀንት ዋናው ሙከራ ይህ ነው፦ ስራው ይፈጸም፣ መልሱ ይጥፋ። ይህን በእውነተኛ ገንዘብ አታድርጉት፤ የሙከራ አካውንት ይኑራችሁ። እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው ተቀባዩ ሁለተኛውን «ይህንንማ ፈጽሜዋለሁ» ብሎ ይመልሰዋል። መለያ ቁጥሩን የሚሰጠው ደግሞ ኮዱ ይሁን፤ ለሞዴሉ ከተተወ ለዚያው ትዕዛዝ በየጊዜው አዲስ ሊፈጥር ይችላል።

ጭራሽ መሞከር የሌለብን መቼ ነው?

ሲስተሙ አሁኑኑ ታሞ እያለ አትሞክሩ። ውጤቱን የምታዩበት ነገር ሳይኖር፣ ማለትም መለኪያ ሳይዘጋጅ፣ አትሞክሩ። እንደሚወድቅ በእርግጠኝነት የምታውቁትን ነገርም አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ጠግኑት።

ጤና ላይ ደግሞ መስመሩ ጥብቅ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ምስል የሚያነብ ወይም ተራ የሚያስይዝ ኤአይ ቢኖር፣ ታካሚ በሚስተናገድበት ሲስተም ላይ ብልሽት አይገባም። ቅጂ አዘጋጁ። የታካሚ ስም የተሰረዘባቸው ያለፉ መዝገቦችን በቅጂው አሳልፉ፣ እዚያ ላይ ስበሩ። ምስሉ ከማን እንደሆነ ተምታቶ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይሄዳል ወይ የሚለውን በተለይ ፈትሹ፤ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው። ታካሚ ባለበት ቦታ የሚለማመዱት ሰዎቹ ናቸው። ነርሷ፣ ሐኪሙና ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ስክሪኑ ጠፍቷል ብለው በወረቀት ያስተናግዱ። ቅጹ የት ነው? ካርቦኑስ አለ? መብራት ሲመለስ በወረቀት የተያዘውን ወደ ሲስተሙ የሚያስገባው ማነው? በእለቱ ፈረቃ ያለ ሰው ለእነዚህ መልስ ከሌለው ኤአይው ስራ አይጀምር።